ወንዶች ከዋሉበት የዋለችው ቤብ ዛሃሪያስ



የገና ዕለት፣ አዝመራው ተሰብስቦ ባለቀበት የጅሩ መስክ ላይ የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። ቆልማማ ዱላውን የያዘ ጎረምሳ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሩሯን ያሳድዳል፤ አቧራው ይጨሳል፤ ሽማግሌው ሳይቀር ጋቢውን ጥሎ ይገባል። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ጌታም አይቆጣም። ሴቶቹስ? ሴቶቹ ዳር ቆመው እልል ይላሉ፤ አለበለዚያም ጓዳ ውስጥ ከድግሱ ጋር ይታገላሉ። ጌታና ሎሌን እኩል ያደረገ ጨዋታ እህትና ወንድምን እኩል ሳያደርግ ቀርቷል ማለት ነው።

የዛሬውን ጽሑፍ ስናሰናዳ ይኸው ነገር እርስ በርሳችን አከራከረን። አንዲት ልጅ ዱላውን ተቀብላ ብትገባስ? ትችላለች ያለ አለ፤ አትችልም ያለም አለ፤ ሳትሞክር በምን ይታወቃል ያለም አለ። እኛም ክርክሩን በክርክር ከመዝጋት ይልቅ በሕይወቷ መልስ የሰጠች የአንዲት ሴት ታሪክ ብናቀርብ ይሻላል ብለን ተስማማን። ይህች ሴት ቤብ ዛሃሪያስ ትባላለች። አሜሪካዊት ነች፤ ከሞተችም ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በዱላና በኳስ በሚደረገው የጎልፍ ጨዋታ፣ በወንዶች ውድድር መካከል ገብታ እስከ መጨረሻው ቀን የዘለቀች ሴት ናት። በጽሑፋችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የአናጢው ልጅ

ሚልድረድ ኤላ ዲድሪክሰን ጁን 26 ቀን 1911 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ ፖርት አርተር በተባለች የነዳጅ ማጣሪያ ከተማ ተወለደች። እናትና አባቷ ከኖርዌይ የፈለሱ ስደተኞች ነበሩ። አባቷ ኦሌ አናጢ ሲሆን፣ እናቷ ሐና ደግሞ ኑሮን ለመደጎም የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። ከሰባት ልጆች ስድስተኛዋ ሚልድረድ ነች። በ1915 ዓ.ም. በአካባቢው ከባድ አውሎ ነፋስ ከደረሰ በኋላ ቤተሰቡ ቦሞንት ወደተባለች ጎረቤት ከተማ ተዛወረ፤ ልጅቱም ያደገችው በዚያው ነው።

ቤታቸው ሀብት አልነበረውም፤ ግቢው ግን አይታማም። አባትየው በአናጢነት ሙያው ለልጆቹ የሚንጠለጠሉበትን ዘንግ በግቢው ውስጥ ሠራላቸው። ክብደት ማንሻ ደግሞ ከመጥረጊያ እጀታና ከአሮጌ የልብስ ካውያ ተፈለሰፈ። ወንዶቹ ልጆች በዚህ ሲለማመዱ ሚልድረድ ዳር ቆማ አታይም፤ ተራዋን ትጠብቃለች፤ አንዳንዴም ተራ አትጠብቅም። እናቷ ወደ ሱቅ ስትልካት ደግሞ በመንገዱ ዳር አትሄድም። በየቤቱ ፊት አጥር ሆኖ የተተከለውን ቁጥቋጦ አንድ በአንድ እየዘለለች ነው ደርሳ የምትመለሰው። ከቁጥቋጦዎቹ አንዱ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ቢያስቸግራት ባለቤቱን ሄዳ ለመነችው፤ እሱም እኩል አድርጎ ከረከመላት። የዓለም ሪከርድ ባለቤት የሆነችበት የመሰናክል ሩጫ መጀመሪያው ይኸው የሰፈር ቁጥቋጦ ነው።

ቤብ የሚለው ስም የወጣላት ከሰፈር ወንዶች ልጆች ጋር ቤዝቦል ስትጫወት ነው ይባላል። በዚያ ዘመን ቤብ ሩት የሚባል ስመ ጥር የቤዝቦል ተጫዋች ነበርና፣ ኳሷን እንደ እሱ አርቃ ስለምትመታ በስሙ ጠሯት። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ ሥራ ነበረባት፤ የድንች ከረጢት እየሰፋች በአንድ ከረጢት አንድ ሳንቲም ታገኝ ነበር። ካገኘችውም አብዛኛውን ለእናቷ ትሰጣለች። ስፖርት ለሀብታም ልጅ እንጂ ለድሃ ልጅ አይሆንም የሚል ካለ እነሆ ከረጢቱን ይመልከት!

ብቻዋን ቡድን የሆነች ልጅ

በትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ስትጫወት ያያት አንድ የዳላስ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሰው በ1930 ዓ.ም. ሥራ ሰጥቶ ወሰዳት። ለወጉ ታይፒስት ተባለች እንጂ የተፈለገችው ለኩባንያው የሴቶች ቡድን ነበር። በዓመቱም፣ በ1931፣ ቡድኑ የአሜሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወደ አትሌቲክስ ዞረች።

ጁላይ 16 ቀን 1932 በኢሊኖይ፣ በኤቫንስተን ከተማ የአገሪቱ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተደረገ። ይኸው ውድድር ለኦሎምፒክ መምረጫም ነበር። ሌሎቹ ክለቦች ብዙ ልጆች አሰልፈው መጡ። የዳላሱ ኩባንያ ቡድን ተብሎ ሲጠራ ግን ወደ ሜዳው የገባችው ቤብ ብቻዋን ነች። በዚያው ከሰዓት በኋላ ከውርወራ ወደ ዝላይ፣ ከዝላይ ወደ ሩጫ እየተሯሯጠች በስምንት ዓይነት ውድድር ተሳተፈች። አሎሎ ውርወራ፣ ጦር ውርወራ፣ የቤዝቦል ኳስ ውርወራ፣ ርዝመት ዝላይና የ80 ሜትር መሰናክል አሸነፈች፤ በከፍታ ዝላይም አንደኛነቱን ከሌላ ልጅ ጋር ተጋራች። ነጥቡ ሲደመር የቤብ ብቻዋን 30 ሆነ። 22 ልጆች ያሰለፈው ሁለተኛው ቡድን ያገኘው 22 ነጥብ ነበር።

ከዚያ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ መጣ። የዚያን ጊዜው ደንብ አንዲት ሴት ከሦስት ውድድር በላይ እንዳትገባ ይከለክል ስለነበር ቤብ ከምትችለው ውስጥ ሦስት ብቻ መረጠች። ጦሩን 43 ሜትር ከ69 ሳንቲ ሜትር ወርውራ ወርቅ አገኘች። የ80 ሜትር መሰናክሉን በ11.7 ሰከንድ ሮጣ ሁለተኛ ወርቅ ጨመረች፤ ይህም የዓለም ሪከርድ ሆነ። በከፍታ ዝላይ እሷና የአገሯ ልጅ ጂን ሺሊ እኩል 1 ሜትር ከ65 ዘለሉ። ዳኞቹ ግን ቤብ ዘንጉን ያለፈችው ጭንቅላቷን በማስቀደም ነውና ከደንብ ውጪ ነው ብለው ሁለተኛ አደረጓት። የሚገርመው፣ ሪከርዱ ለሁለቱም ተመዘገበ። ያኔ ዕድሜዋ 21 ዓመት ነበር።

ታዲያ ዝናው ራት አልሆነም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስሟ በመኪና ማስታወቂያ ላይ ወጣ ተብሎ ከአማተር ስፖርት ታገደች። አማተር ማለት ገንዘብ ሳይቀበል የሚጫወት፣ ፕሮፌሽናል ማለት ደግሞ በጨዋታው የሚተዳደር መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ ነገሩ ኋላ ተመልሶ ይመጣልና። ቤብ ቤተሰብ ትረዳ ስለነበር የተገኘውን ሁሉ ሠራች። ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ወጥታ ሃርሞኒካ ነፋች። ጢማቸውን ባሳደጉ ወንዶች ከሚታወቅ አንድ የቤዝቦል ቡድን ጋር ብቸኛ ሴት ሆና ከከተማ ከተማ ዞረች። ሰው ሊያያት ይመጣ ነበር፤ ከሚመጣው ግን ለእሷ ክብር የነበረው ሁሉም አልነበረም። በጋዜጣም በመንደርም ይህች ሴት ናት ወይስ ወንድ እያሉ የሚሳለቁ ነበሩ። አንድ የኒውዮርክ የስፖርት ጸሐፊ እሷና መሰሎቿ ተኳኩለው ቤታቸው ቢቀመጡ የተሻለ መሆኑን እስከ መጻፍ ደርሷል። በእኛም አገር ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ እየተባለ ስንት ዘመን ኖሯል! ቋንቋው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ቁጥር የሚዳኘው ጨዋታ

ጎልፍ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ይገባናል። በሰፊ የሣር መስክ ላይ፣ ተራርቀው የተቆፈሩ 18 ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ተጫዋቹ ከዶሮ እንቁላል ያነሰች ጠንካራ ኳስ በዱላ እየመታ በየተራ ጉድጓዶቹ ውስጥ ያስገባል። ባነሰ ምት የጨረሰ አሸናፊ ነው። ለ18ቱ ጉድጓዶች 72 ገደማ ምት ደህና ተጫዋች የሚጨርስበት ልክ ነው። ትልቅ ውድድር ብዙውን ጊዜ አራት ዙር አለው። ሁለት ዙር ካለቀ በኋላ ብዙ ምት የፈጀው ይሰናበታል፤ ጥሩ የመታው ይቀጥላል። ይህ ማጣሪያ ይባላል።

ከገና ጨዋታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በገና ተጋጣሚ ይጋፋሃል፣ ዱላህን ይመታል። በጎልፍ ግን ኳሷ ዝም ብላ ተቀምጣ ትጠብቅሃለች። የሚነካህ የለም፤ የምታሳብበውም የለም። ስንት ጊዜ መታህ? ይኸው ነው ጥያቄው። ዳኛው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ወንድ ሴት አያውቅም።

ቤብ ወደዚህ ጨዋታ አጥብቃ የገባችው ከኦሎምፒኩ በኋላ ነው። ተሰጥኦዋ አዋቂ አደረጋት ብሎ የሚያስብ ይኖራል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በሎስ አንጀለስ ስታን ከርቴስ የሚባል አሠልጣኝ አስተማራት። ቀኑን ሙሉ ኳስ ስትመታ ትውልና መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ሲፈነዳ በጨርቅ ጠቅልላ ትቀጥላለች። ወደ ዳላሱ ኩባንያ በተመለሰች ጊዜም ሥራ ሳይገባ ጎሕ ሲቀድ መስክ ላይ ነች። በምሳ ሰዓት በአለቃዋ ቢሮ ምንጣፍ ላይ ትለማመዳለች፤ ከሥራ በኋላ ከአሠልጣኝ ጋር ትውላለች፤ ማታ ደግሞ የጨዋታውን የደንብ መጽሐፍ ይዛ አልጋ ትገባለች።

በ1935 ዓ.ም. የቴክሳስ ሴቶች አማተር ሻምፒዮናን አሸነፈች። ድሉ ግን ጠላት አፈራላት። ያን ጊዜ ጎልፍ የባለጸጋ ክለብ ጨዋታ ነበር። አንዳንድ የክለብ ሴቶች የላብ አደር ልጅ መካከላቸው መግባቷን አልወደዱም። ስለዚህ እንቅፋቱ የወንዶች ብቻ እንዳልነበረ ልብ እንበል፤ ሴትን የምትገፋ ሴትም አለች። ብዙ ሳይቆይ የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ቤብ በሌላ ስፖርት ገንዘብ ተቀብላለችና አማተር አይደለችም ሲል ወሰነ። ለፕሮፌሽናል ሴቶች ደግሞ ያኔ ይህ ነው የሚባል ውድድር አልነበረም። በአንድ በኩል በሩ ተዘጋ፤ በሌላ በኩል በሩ ራሱ ገና አልተሠራም።

መጀመሪያ የወደቀችበት፣ ኋላ ያለፈችበት

በዚህን ጊዜ ነው ቤብ ወደ ወንዶቹ የዞረችው። በጃንዋሪ 1938 በሎስ አንጀለስ የሚደረገው የወንዶች ፕሮፌሽናል ውድድር ሲቃረብ ደንቡን አየች። ሴት አትገባም የሚል ቃል አልነበረበትም። ሴት ትገባለች ብሎ ያሰበ ስላልነበረ የከለከለም አልነበረም። ተመዘገበች።

ውጤቱስ? በመጀመሪያው ዙር 81፣ በሁለተኛው 84 መታች። በማጣሪያው ወደቀች። ይህን ልንደብቀው አንፈልግም። የሚጠብቁ ሁሉ ይኸው አላልንም ነበር ወይ ለማለት በቂ ምክንያት አገኙ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ቤብ ዛሬ የምትጠቀሰው ሴት እንደማትችል ማስረጃ ሆና ነበር።

ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ያ ውድድር አንድ ነገር ሰጣት። አብረዋት እንዲጫወቱ ከተመደቡት ሁለት ሰዎች አንዱ የሃይማኖት ሰው፣ ሌላው ጆርጅ ዛሃሪያስ የሚባል ግዙፍ የትግል ስፖርተኛ ነበር። ጆርጅ የግሪክ ስደተኞች ልጅ ነው። በሜዳው ላይ ተዋወቁ፣ ተዋደዱ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን ተጋቡ። ቤብ ዲድሪክሰን ቤብ ዛሃሪያስ ሆነች።

ባሏ ገንዘብ ያገኝ ስለነበር ቤብ አሁን ለዳቦ ብላ መጫወት አልነበረባትም። የአማተርነት መብቷ እንዲመለስላት አመለከተች። ተፈቀደላት፤ ነገር ግን ለዓመታት በጎልፍ ገንዘብ ሳትቀበል እንድትቆይ ተነገራት። ቆየች። በ1943 መብቷ ተመለሰ። በዚያ ሁሉ የጥበቃ ጊዜ ግን ዱላዋን አልሰቀለችም።

ከዚያ 1945 ደረሰ። ከወደቀችበት ዓመት ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። ቤብ ወደዚያው ወደ ሎስ አንጀለሱ የወንዶች ውድድር ተመለሰች። አሁን ግን አመጣጧ ሌላ ነበር፤ ለመግቢያ የሚደረገውን የማጣሪያ ጨዋታ እንደማንኛውም ወንድ ተጫውታ አልፋ ነው የገባችው። በመጀመሪያው ዙር 76፣ በሁለተኛው 81 መታችና የሁለተኛውን ዙር ማጣሪያ አለፈች! በዚህ ውድድር ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሌላ ማጣሪያ ስለነበረ እዚያ ላይ ቀረች። ብዙም ሳትቆይ በአሪዞና ወደ ፊኒክስና ወደ ቱሳን የወንዶች ውድድሮች ሄደች። በሁለቱም እስከ መጨረሻው ቀን ዘለቀች። በፊኒክስ 33ኛ፣ በቱሳን 42ኛ ደረጃ ላይ ከሌሎች ጋር እኩል ሆና ጨረሰች።

33ኛ መውጣት ምን ያስደንቃል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር። ነገር ግን ከ33ኛዋ በታች እነማን እንደነበሩ እናስብ፤ ጨዋታው እንጀራቸው የሆነ ወንዶች ነበሩ። ቤብ ወንዶችን ሁሉ አሸነፈች ብለን አንዋሽም፤ አላሸነፈችም። ያደረገችው ነገር በአንድ ሜዳ፣ በአንድ መለኪያ ተለክታ ቦታዋን በቁጥር ማግኘት ነው። ከ1938 እስከ 1945 ድረስ የተለወጠው ሜዳው አይደለም፤ ደንቡም አይደለም፤ ሴትነቷም አይደለም። የተለወጠው ልምምዷ ነው።

በዚያው በ1945 ደግሞ ኀዘን መጣባት። በኢንዲያናፖሊስ በሴቶች ውድድር ላይ ሳለች እናቷ አረፈች። ዘመኑ የጦርነት ስለነበረ ወዲያው ወደ ቤት የሚያደርስ መጓጓዣ አልተገኘም፤ ቤተሰቦቿም ጨዋታውን እንድትጨርስ መከሯት። እንባዋን እየዋጠች ተጫውታ አሸነፈች። ከረጢት ሰፍታ ያገኘችውን ሳንቲም ትሰጣት የነበረች እናት ይህን ሳታይ ቀረች።

የራሳቸውን ቤት ሠሩ

ከዚያ በኋላ ቤብን በሴቶች ጎልፍ የሚያቆማት ጠፋ። በ1946 የአሜሪካ ሴቶች አማተር ሻምፒዮን ሆነች። በ1947 ባሕር ተሻግራ በስኮትላንድ፣ በጋለን የተደረገውን የብሪታንያ ሴቶች አማተር ሻምፒዮና አሸነፈች፤ ከአሜሪካ ሄዳ ይህን ዋንጫ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ነች። በዚያው ዓመት ፕሮፌሽናል ለመሆን ወሰነች።

የሴቶች ፕሮፌሽናል ውድድር እጥረት ግን እንዳለ ነበር። ስለዚህ በ1950 ዓ.ም. ቤብን ጨምሮ 13 ሴቶች ተሰባስበው የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ፓቲ በርግ ነበረች። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚወዳደሩበትን ሜዳ ያዘጋጃሉ፣ ደንብ ያስከብራሉ፣ ከከተማ ከተማ በመኪና ይጓዛሉ። ማኅበሩ ዛሬም አለ፤ በሴቶች ጎልፍ ከዓለም ቀዳሚው ነው። እንግዲህ ቤብ በሁለት መንገድ ሠርታለች ማለት ነው። በወንዶቹ ቤት ገብታ እንደምትችል አሳየች፤ ከዚያም ከእኅቶቿ ጋር የራሳቸውን ቤት ሠራች። አንዱ ሌላውን አላስቀረም።

በ1950 የአሜሪካ ጋዜጠኞች የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ ሴት ስፖርተኛ ብለው መረጧት።

ጉድለት አልነበረባትም ወይ? ነበረባት። ቤብ ጉረኛ ነበረች። ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ ዛሬ ሁለተኛ የምትወጣው ማን እንደሆነች መጠየቅ ትወድ ነበር ይባላል። ተመልካች ይስቃል፤ አብረዋት የሚጫወቱት ግን ሁሉም አይስቁም። ራሷን እንጂ ሌላውን የማታይ ነች ብለው የተቀየሟት ነበሩ። እኛም ታላቅ ሰው ሁሉ መልአክ ነው ብለን ልናስተምር አንሻም። የሠራችው ይመስገን፤ ያጠፋችው ይታወቅ።

የመጨረሻው ውድድር

በ1953 የጸደይ ወራት ቤብ ሕመም ተሰማት። ምርመራው የትልቁ አንጀት ካንሰር መሆኑን አሳየ። በኤፕሪል ወር ቦሞንት ውስጥ ከባድ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። የታመመው አንጀት ተቆርጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይነ ምድሯ የሚወጣው ሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ፣ በከረጢት ሆነ። ሐኪሞቹ በሽታው መሰራጨቱን ለባሏና ለቅርብ ጓደኛዋ ለቤቲ ዶድ ቢነግሩም ለቤብ እንዳይነገራት ተደረገ። ቤቲ ዶድ ራሷ ጎልፍ ተጫዋች ስትሆን፣ ውድድሯን ትታ በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ በታጣፊ አልጋ እያደረች አስታመመቻት።

ከእንግዲህ ጎልፍ አበቃ ተባለ። ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላ ግን ቤብ በውድድር ሜዳ ላይ ታየች። በዓመቱ፣ በጁላይ 1954፣ በማሳቹሴትስ በተደረገው የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን ተሰለፈች። ከረጢቱን በወገቧ ታጥቃለች። በመጨረሻው ቀን ሁለት ዙር፣ ማለትም 36 ጉድጓድ፣ በእግር እየሄደች ተጫወተች። አሸነፈች፤ ያሸነፈችውም ሁለተኛዋን በ12 ምት በልጣ ነው።

በዚያ ዘመን ካንሰር በአሜሪካም ቢሆን በሹክሹክታ የሚወራ፣ ቤተሰብ የሚደብቀው በሽታ ነበር። ቤብ ግን ሕመሟን በአደባባይ ተናገረች። ሰው በጊዜ እንዲመረመር አሳሰበች፤ በ1955 ከባሏ ጋር ሆና ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የገንዘብ ድርጅት በስሟ አቋቋመች። በዚያው ዓመት በሽታው ተመልሶ መጣ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1956 በቴክሳስ፣ በጋልቨስተን ሆስፒታል በ45 ዓመቷ አረፈች። በዕለቱ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የጋዜጠኞች ጉባኤያቸውን የጀመሩት ስለ እሷ በመናገር ነው። የተቀበረችውም አጥር ስትዘልባት ባደገችው በቦሞንት ነው። በ2021 ዓ.ም. የአገሯ ከፍተኛው የሲቪል ኒሻን ለመታሰቢያዋ ተሰጠ።

ከእሷ በኋላ

ከእሷ በኋላ በአሜሪካ የወንዶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ዙር ውስጥ የገቡ ሴቶች ጥቂት ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም በቴክሳስ፣ በፎርት ወርዝ ከወንዶች ጋር ተሰለፈች። በመጀመሪያው ቀን 71፣ በሁለተኛው 74 መታች፤ ማጣሪያውን በአራት ምት ሳታልፍ ቀረች። በዚያው ዓመት አሜሪካዊቷ ሱዚ ዌሊ ሞከረች። በ2004 ሚሼል ዊ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ በሃዋይ ተጫውታ በአንድ ምት ብቻ ቀረች። አንድ ምት! በ2018 ብሪታኒ ሊንሲኮም፣ በ2023 ሌክሲ ቶምፕሰን ተከተሉ። ሁሉም የተመሰገኑ ተጫዋቾች ናቸው፤ ማጣሪያውን ግን አላለፉም። በዚህ የአሜሪካ የወንዶች ዙር ማጣሪያ ያለፈች ሴት ቤብ ብቻ ሆና ቀርታለች።

ታዲያ ይህ የሚያሳየው ሴት አለመቻሏን ነው? የወንዶቹ ሜዳ ረጅም ነው፤ ወንዶቹም በአብዛኛው ኳሷን አርቀው ይመታሉ። ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን በሰማንያ ዓመት ገደማ ውስጥ የሞከሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከወንዶች ተጫዋቾች በየሳምንቱ በዚያው ማጣሪያ የሚወድቀው በደርዘን የሚቆጠር ነው፤ ወንድ አይችልም ያለ ግን የለም። ወንዱ ሲወድቅ እሱ ወደቀ ይባላል፤ ሴቷ ስትወድቅ ሴቶች ወደቁ ይባላል። ትልቁ እንቅፋት ይኸው ይመስለናል።

ለእኛስ?

ነገ ከነገ ወዲያ እያንዳንዳችን ጠመኔ ይዘን ወደየገጠሩ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ብዙዎቻችን የስፖርት ክፍለ ጊዜም ይደርሰናል። ያኔ ምን እናደርጋለን? አንዲት ኳስ ለወንዶቹ ወርውረን ሴቶቹን የወንዶቹን ልብስ ጠብቁ ብለን ዛፍ ሥር እናስቀምጣለን? ከእኛ መካከል እንደዚያ ተደርጋ የተማረች ሠልጣኝ የለችም የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ የኳስ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ወጥታ የሒሳቡን ጥያቄ ብትሳሳት፣ ክፍሉ ይስቃል፤ እሷም ተመልሳ ትቀመጣለች። ያን ቀን መምህሩ ልጅቷ 81 እና 84 መታች ብሎ መዝግቦ ቢዘጋው፣ 1945 የሚባል ዓመት ፈጽሞ አይመጣላትም። የመጀመሪያ ውጤት የት እንደቆምን ይነግረናል እንጂ የት እንደምንደርስ አይነግረንም። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ይዛ ስትመጣ እልል ያልን ሁሉ፣ ከዚያ በፊት አንድ ሰው አንዲትን የገጠር ልጅ ሩጪ እስቲ እንዳላት መርሳት የለብንም።

ስለዚህ ከመምህር የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። የቤብ አባት የነበረው የመጥረጊያ እጀታና አሮጌ ካውያ ነው። መለኪያውን ለሁሉም እኩል ማድረግ፣ ተራውን ለሁሉም መስጠት፣ የወደቀችውን ነገም ተመለሺ ማለት፤ ይኸው ነው። እንድትሞክር ዕድል የተሰጣት ልጅ ብትወድቅ እንኳ የወደቀችው በራሷ ቁጥር ነው። ያልተሰጣት ግን የወደቀችው በእኛ ነው።

በመጪው ገና ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደየመንደራችን የምንሄድ ወንድሞች፣ ዳር ቆማ እልል ለምትለዋ እህታችን ዱላውን አንድ ጊዜ እናቀብላት። ሩሯን ትስታት ይሆናል። ይሁና! እኛስ መጀመሪያ ቀን አልሳትንም?